የምትወዱት ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ፖስትግሬስን እንዲደግፍ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፖስትግሬስን ወደው፣ የሚፈልጉት ፕሮግራም ግን «ማይኤስኪውኤል የተባለውን ሌላ ዳታቤዝ ብቻ ነው የምቀበለው» ብሏቸው የተቸገሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ፖስትግሬስ ምንድን ነው? ባለቤቱስ ማነው?

ፖስትግሬስ በነጻ የሚገኝ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ዳታቤዝ ነው። ሙሉ ስሙ ፖስትግሬስኪውኤል ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ነው። መጀመሪያ ላይ ኤስኪውኤል (ብዙ ዳታቤዞች የሚታዘዙበት ቋንቋ) አያውቅም ነበር። ኤስኪውኤልን የጨመሩለት አንድሪው ዩ እና ጆሊ ቼን የተባሉ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በ1996 የአሁኑን ስሙን ያዘ።

የኔ የሚለው ኩባንያ የለም። በተለያየ አገርና በተለያየ መሥሪያ ቤት ያሉ ሰዎች በጋራ ያሳድጉታል። በየዓመቱ አንድ ዋና ቨርዥን ይወጣል፤ እያንዳንዱም ለ5 ዓመት ጥገና አይለየውም። አንድ ፕሮጀክት ዳታቤዝ ሲመርጥ ለ10 እና ለ15 ዓመት ነው የሚመርጠው። ስለዚህ እኔ ይህን ከፍጥነቱም በላይ አየዋለሁ።

እኔ ፖስትግሬስ እጠቀማለሁ። ሌላው ፕሮጀክት ቢደግፈው ባይደግፈው ምን አገባኝ?

ሰርቨሩን የምታስተዳድሩት እናንተ ከሆናችሁ በደንብ ያገባችኋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለውን ብቻ እንይ። ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ተቋሙ መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 ፖስትግሬስ ላይ ይሠራል። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕም እንዲሁ ፖስትግሬስን ነው የሚጠቀመው። ድርጅቶች ለሂሳብና ለንብረት የሚያስገቡት ኦዱ ደግሞ ከፖስትግሬስ ውጭ ሌላ ዳታቤዝ አይቀበልም። ማለትም ፖስትግሬስን የሚያውቅ ባለሙያ በየቦታው አለ።

አሁን እዚያው ሰርቨር ላይ ማይኤስኪውኤል ብቻ የሚቀበል ሌላ ፕሮግራም ጫኑ። ባክአፑ ሁለት ዓይነት ይሆናል። የደህንነት ማሻሻያው ሁለት ይሆናል። ሌሊት ሲበላሽ የሚፈለገውም እውቀት ሁለት ዓይነት ነው። ትልቅ ባንክ ይህን ይችለዋል። ኔትወርኩንም፣ ፕሪንተሩንም፣ ዳታቤዙንም አንድ ሰው በሚይዝበት መሥሪያ ቤት ግን ከሁለቱ አንዱ ሳይታይ ይቀራል። ባክአፑ መሥራት ማቆሙ የሚታወቀው ዲስኩ ከተበላሸ በኋላ ነው። አንድ ፕሮጀክት ፖስትግሬስን ሲደግፍ የሚቀለው የዚህ ሰው ሥራ ነው።

ታዲያ ለምን ብዙ ፕሮጀክቶች ማይኤስኪውኤል ላይ ብቻ ተሠሩ?

ዋናው ምክንያት ጊዜው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ የዌብ ሆስቲንግ ሲስፋፋ አብሮ የመጣው ፒኤችፒ (የፕሮግራም ቋንቋ) እና ማይኤስኪውኤል ነበር። የድረ ገጽ መሥሪያው ወርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ተጠቃሚው እጅ ላይ የነበረው እሱ ነው። ፖስትግሬስ ደግሞ ያኔ ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አይጫንም ነበር። ይህ የተቻለው በጃንዋሪ 2005 በወጣው 8.0 ቨርዥን ነው። ቤቱ ዊንዶውስ ላይ የሚማር ልጅ በቀላሉ የሚጭነውን ያዘ፤ የያዘውን ይዞም ፕሮጀክት ጀመረ።

ዛሬ ሁኔታው ተቀይሯል፤ ፖስትግሬስ የትም ይጫናል። ብዙ ርካሽ ሆስቲንጎች ግን አሁንም ማይኤስኪውኤል ወይም ከእሱ የወጣውን ማሪያዲቢ ብቻ ነው የሚሰጡት። አንድ ሜንቴይነር (ፕሮጀክቱን የሚንከባከብ ሰው) «ተጠቃሚዎቼ ፖስትግሬስ የላቸውም» ሲላችሁ ሰበብ እየፈለገ ነው ብላችሁ አትውሰዱት። ተጠቃሚዎቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቁት።

ማይኤስኪውኤል መጥፎ ነው ማለት ነው?

አይደለም። አማርኛውን ጨምሮ ሁሉም ዊኪፔዲያ የሚሠራው ከማይኤስኪውኤል በወጣው ማሪያዲቢ ላይ ነው። ፕሮጀክቱን የጻፉት ሰዎች ዓመታት ያፈሰሱበትን ምርጫ እያጣጣሉ ድጋፍ መጠየቅ ነውር ነው፤ ደግሞም አይሠራም።

የላይሰንስ ልዩነት አላቸው?

አላቸው። ፖስትግሬስ እንደ ቢኤስዲ ያለ ልል ላይሰንስ ነው ያለው። የፈለጋችሁት ፕሮግራም ውስጥ ልትጠቀሙበት፣ ቀይራችሁም ልትሸጡት ትችላላችሁ። ማይኤስኪውኤል ጂፒኤል ነው (አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሰው ኮዱን እንዲከፍት የሚያስገድድ ላይሰንስ)፤ ከዚያ ውጭ መጠቀም የሚፈልግ ኩባንያ የንግድ ላይሰንስ ይገዛል።

የባለቤትነቱ ታሪክም አለ። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2008 የማይኤስኪውኤልን ኩባንያ በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በ2010 ኦራክል ሰንን ጠቀለለ። ነገሩ ያሰጋው የማይኤስኪውኤል መሥራች ሚካኤል ዊዴኒየስ ቀደም ብሎ በ2009 ማሪያዲቢን ለይቶ አወጣ። ይህን ታሪክ ለሜንቴይነሮች ማንሳት ጥሩ ነው፤ ግን በአንድ አረፍተ ነገር ይብቃ። እነሱም ያውቁታል።

የትኛውን ፕሮጀክት ልምረጥ?

ራሳችሁ በየቀኑ የምትጠቀሙበትን። ይህ የመጀመሪያው መስፈርት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። የማትጠቀሙበትን ፕሮግራም ኮድ ለወራት መከታተል አይቻልም። ትሰላቻላችሁ፤ የጀመራችሁት ነገርም መሐል ላይ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ኮዱን አውርዳችሁ የኤስኪውኤል ትዕዛዞቹ የት እንደተጻፉ ፈልጉ። ሁሉም አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ ዕድለኛ ናችሁ። ማይኤስኪውኤልንም ኤስኪውላይት የተባለውን ትንሽ ዳታቤዝም ቀድሞ የሚደግፍ ከሆነ ደግሞ ግማሹ መንገድ ተሄዷል፤ ሰዎቹ በሁለት ዳታቤዝ ማሰብ ለምደዋል ማለት ነው። ትዕዛዞቹ በመቶ ፋይሎች ተበትነው ከተገኙ ግን ሥራው የዳታቤዝ ሥራ መሆኑ ይቀርና ቤቱን እንደገና የማደራጀት ሥራ ይሆናል። ያን ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሩት።

ሦስተኛ፣ የድሮ ኢሹዎችን (ሰዎች ፕሮጀክቱ ገጽ ላይ የከፈቷቸውን ጥያቄዎችና የችግር ሪፖርቶች) አንብቡ፤ የተዘጉትንም ጭምር። ከእናንተ በፊት የሞከረ ሰው ካለ የት ላይ እንደቆመ እዚያ ታገኛላችሁ።

ኢሹ ከፍቼ «እባካችሁ ፖስትግሬስን ደግፉ» ብልስ?

ማለት ይቻላል፤ ግን ብዙ ጊዜ ጠብ የሚል ነገር የለውም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለዓመታት ተከፍቶ፣ ሥሩ «እኔም እፈልጋለሁ» በሚል ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። ሜንቴይነሮቹ ልባቸው ደንድኖ አይደለም። ብዙዎቹ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። «ደግፉ» ሲባሉ የሚሰማቸው «በማታውቁት ዳታቤዝ ላይ የሚመጣ ችግር ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ የእናንተ ነው» የሚል ነው።

ስለዚህ ሥራ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ራሳችሁ ኮዱን ፖስትግሬስ ላይ አስነሱት፤ የተሰበረውን መዝግቡ። ከዚያ እንዲህ ጻፉ፦ «ፕሮግራማችሁን አንድ ክሊኒክ ውስጥ እንጠቀምበታለን። ሰርቨራችን ላይ ያለው ፖስትግሬስ ስለሆነ ኮዳችሁን እዚያ ላይ ሞከርነው። አብዛኛው ቴስት አልፏል። የወደቁት በሦስት ምክንያት ነው፤ ዝርዝሩን ከታች አስቀምጫለሁ። ሁለቱን ማስተካከል ለማይኤስኪውኤልም ይጠቅማል። እነዚያን ብልክ ትቀበላላችሁ? ሦስተኛው ላይ ግን ምክራችሁን እፈልጋለሁ።»

ይህ ደብዳቤ ሰዎቹ ላይ ሸክም አይጭንም። «አዎ» ለማለት የሚያስፈልጋቸው አንድ ትንሽ ለውጥ ማንበብ ብቻ ነው። ምክር መጠየቁም ለወግ አይደለም፤ ኮዱን ከእናንተ በላይ ያውቁታል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ይከብደኝ ይሆን?

አይከብድም። ሜንቴይነሮች የሚያነቡት ኮዱን፣ የስህተት መልእክቱንና ችግሩ እንዴት እንደሚደገም የሚያሳዩትን ደረጃዎች ነው። አጫጭር አረፍተ ነገሮች ጻፉ። ከነሱ ብዙዎቹም እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው።

ፖስትግሬስ ላይ ስናስነሳው መጀመሪያ ምን ይሰበራል?

ጮኸው፣ ማለትም የስህተት መልእክት ሰጥተው የሚሰበሩት ቀላሎቹ ናቸው። ማይኤስኪውኤል የቴብልና የዓምድ ስሞችን በግራ ዘመም ነጠላ ጥቅስ ያጥራል፤ ፖስትግሬስ ይህን ምልክት አያውቀውም። ማይኤስኪውኤል በድርብ ጥቅስ ውስጥ ያለን ነገር እንደ ጽሑፍ ይወስደዋል፤ ፖስትግሬስ ግን የዓምድ ስም ነው ብሎ ይፈልገዋል፣ ሲያጣው ይቆማል። መለያ ቁጥር ራሱ እንዲጨምር ማይኤስኪውኤል «ኦቶ ኢንክሪመንት» ይላል፤ ፖስትግሬስ ከ10ኛው ቨርዥን ወዲህ «አይደንቲቲ» የሚባለውን መደበኛ አጻጻፍ ይቀበላል። አሁን የገባውን ቁጥር ለማወቅ ማይኤስኪውኤል ሌላ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ፖስትግሬስ ላይ የማስገቢያው ትዕዛዝ መጨረሻ ላይ «ሪተርኒንግ» ማለት ይበቃል።

ትንሽ የሚያስቸግረው «ካለ አሻሽል፣ ከሌለ አስገባ» የሚባለው ነው። ማይኤስኪውኤል የትኛውም የማይደገም ቁልፍ ቢጋጭ ያሻሽላል። ፖስትግሬስ ይህን የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በወጣው 9.5 በተጨመረው «ኦን ኮንፍሊክት» ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያሻሽል ከሆነ የትኛው ዓምድ ሲጋጭ እንደሆነ በስም ይጠይቃችኋል። እዚህ ላይ ኮዱን የጻፈው ሰው ምን አስቦ እንደነበር መጠየቅ ግድ ይሆናል። ብዙ ጊዜ መልሱ ሲፈለግ በማይኤስኪውኤልም በኩል ተደብቆ የኖረ ስህተት ይገኛል።

ሳይጮህ የሚሳሳትስ አለ?

አለ፤ ጊዜ የሚበላውም እሱ ነው። ማይኤስኪውኤል እንደመጣ ስትጠቀሙበት ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም። ኢሜይሉን በትልቅ ፊደል ጀምሮ የተመዘገበ ሰው በትንሽ ፊደል ጽፎ ይገባል። ፖስትግሬስ ላይ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ሰውየው «የለህም» ይባላል፤ ወይም በአንድ ኢሜይል ሁለት አካውንት ይከፍታል። መፍትሔው ኢሜይሉን ሁልጊዜ በትንሽ ፊደል ማነጻጸር፣ በዚያው ላይም የማይደገም ኢንዴክስ መሥራት ነው።

ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። «በዚህ ደርድር» ሳይባል የተጠየቀ ዝርዝር ማይኤስኪውኤል ላይ አብዛኛውን ጊዜ በመለያ ቁጥሩ ተደርድሮ ይመጣል። ፖስትግሬስ ላይ አንድ ረድፍ ሲሻሻል ቦታው ሊቀየር ይችላል። ትናንት ያለፈ ቴስት ዛሬ ይወድቃል፤ ነገ ደግሞ ያልፋል።

ሦስተኛው ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትዕዛዞች) ነው። ፖስትግሬስ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አንድ ትዕዛዝ ከወደቀ ትራንዛክሽኑ እስኪሰረዝ ድረስ ሌላ ትዕዛዝ አይሰማም። «ሞክር፣ ካልሆነ ዝም ብለህ ቀጥል» ተብሎ የተጻፈ የማይኤስኪውኤል ኮድ እዚህ ጋ ይወድቃል፤ የሚታየው የስህተት መልእክት ግን የመጀመሪያው ሳይሆን የተከታዩ ትዕዛዝ ነው። ሎጉን ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ቀድሞ የወደቀውን ካገኛችሁ በኋላ እሱን «ሴቭፖይንት» (ትራንዛክሽኑ ሁሉ ሳይሰረዝ መመለሻ ነጥብ) ውስጥ አስገቡት።

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አለን። ፖስትግሬስ አንዳንዱን ቀን አልቀበልም ይላል። ለምን?

ዓምዱ የቀን ዓምድ ስለሆነ፣ ዳታቤዙም የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ብላችሁ በቁጥር ስታስገቡ ፖስትግሬስ የሚያነበው ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ አትገባም። የቆየ ወይም ጥብቅ ቁጥጥሩ የጠፋ ማይኤስኪውኤል እነዚህን ቀኖች ዜሮ አድርጎ አስቀምጧቸው፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ያልፋል። ማንም ማስጠንቀቂያውን አያነበውም። ስለዚህ ፖስትግሬስ ችግሩን አልፈጠረውም፤ አጋለጠው እንጂ።

የገቡትም ቀኖች ቢሆኑ ስሌታቸው ትክክል አይደለም። ከመጋቢት 30 እስከ ሚያዝያ 1 አንድ ቀን ነው። ዳታቤዙ ግን 7ኛው ወር ጁላይ ነው ብሎ ስለሚያስብ ሁለት ይላል። ደመወዝ፣ ወለድ ወይም የክትባት ቀጠሮ የሚያሰላ ፕሮግራም ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጆቹን ቀን አስቀምጡ፤ ለተጠቃሚው ሲታይና ከተጠቃሚው ሲመጣ ቀይሩት።

የአማርኛ ጽሑፍስ? ልዩነት አለው?

ዛሬ የምንጽፍባቸው የተለመዱት የግዕዝ ፊደላት በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት ወደ ኮምፒውተር ቁጥር በሚቀየሩበት ደንብ) እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። የድሮው የማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» እስከ 3 ባይት ስለሚይዝ አማርኛ ላይ ችግር አልታየም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ዩኒኮድ 14 ለጉራጊኛ አጻጻፍ የተጨመሩ ፊደላት አሉ፤ እነሱ 4 ባይት ናቸው። በድሮው አሠራር የተፈጠረ ቴብል አይቀበላቸውም። ፖስትግሬስ በዩቲኤፍ-8 ከተፈጠረ ሁሉንም ያለ ልዩነት ይይዛል። አዲሱ ማይኤስኪውኤልም ይህን አስተካክሏል፤ የድሮ ቴብሎች ግን ካልተቀየሩ እንደነበሩ ናቸው።

የበለጠ የሚጠቅመን ፍለጋው ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ብሎ ያስገባል፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይፈልጋል። «ሠላማዊት» እና «ሰላማዊት»፣ «ፀጋዬ» እና «ጸጋዬ» እንዲሁ። ታካሚው ካርድ እያለው አዲስ ካርድ ይወጣለታል። ከ16ኛው ቨርዥን ጀምሮ ፖስትግሬስ የራሳችሁን የፊደል ደንብ እንድትጽፉ ይፈቅዳል። ሠን ከሰ፣ ሡን ከሱ፣ እንዲህ እያላችሁ ሰባቱንም ፊደል በየተራ «እኩል ናቸው» ብላችሁ ትነግሩታላችሁ፤ ከዚያ ያንን ደንብ ለስም ዓምዱ ብቻ ትሰጡታላችሁ። ደንቡ ሲፈጠር «ዲተርሚኒስቲክ» የሚለውን ሐሰት ማድረግ አትርሱ፤ አለበለዚያ እኩል አይላቸውም።

አንድ ጉድለት አለው። በፖስትግሬስ ሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ውስጥ ለአማርኛ የተዘጋጀ የቃላት መተንተኛ አብሮ አይመጣም። «ቤቶቻችን» ሲፈለግ «ቤት» አይገኝም። ይህን ሠርቶ የሚያበረክት ሰው ለብዙ ሰው ይደርሳል።

ፕሮጀክቱ ኦአርኤም (ኤስኪውኤሉን በፕሮግራመሩ ፈንታ የሚጽፍ መሣሪያ) የሚጠቀም ከሆነ ሥራው አለቀ ማለት ነው?

ቀለለ እንጂ አላለቀም። ጃንጎ የተባለው የዌብ ፕሮግራም መሥሪያ ለምሳሌ ፖስትግሬስን፣ ማይኤስኪውኤልን፣ ማሪያዲቢን፣ ኤስኪውላይትንና ኦራክልን በአንድ ኮድ ያናግራል። የትምህርት መስጫው ሙድል የቴብሎቹን ቅርጽ በኤክስኤምኤል ጽፎ ለየዳታቤዙ ራሱ ይተረጉመዋል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ፕሮጀክት ውስጥ አንድ ቀን ፍጥነት አስፈልጎት በቀጥታ ኤስኪውኤል የጻፈ ሰው አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርት የሚያወጣው ገጽ ላይ ነው። እሱን ፈልጉ። ፕለጊኖችንም እዩ፤ ዋናው ፕሮግራም ንጹሕ ሆኖ ፕለጊኑ በማይኤስኪውኤል አጻጻፍ ሊሞላ ይችላል።

የመጀመሪያው ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ምን ይሁን?

ለማይኤስኪውኤል ተጠቃሚም የሚጠቅም ይሁን። ጽሑፎችን ከድርብ ጥቅስ ወደ ነጠላ ጥቅስ መቀየር፣ መደርደሪያ ያልተሰጠው ዝርዝር ላይ መደርደሪያ መጨመር፣ ማይኤስኪውኤል ብቻ የሚያውቀውን ትዕዛዝ ሁለቱም ዳታቤዞች በሚያውቁት መደበኛ ትእዛዝ መተካት፤ እነዚህ «ፖስትግሬስ» የሚለውን ቃል ሳይጠሩ የሚገቡ ማሻሻያዎች ናቸው። አንድ ፓች አንድ ነገር ብቻ ይሥራ። አምስት ሺህ መስመር የቀየረ ፑል ሪኩዌስት (ለውጡን ተቀበሉኝ ተብሎ የሚላክ ጥያቄ) ማንም አያነበውም።

ከዚያ ቀጥሎ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት፣ ቴስቱን አስገቡ። ጊትሃብ አክሽንስ ወይም ሌላ ተመሳሳይ አገልግሎት ላይ የፖስትግሬስ ኮንቴይነር አስነስቶ ሁሉንም ቴስት የሚያስኬድ ትንሽ ፋይል ነው። መጀመሪያ ላይ ቢወድቅም ሌላውን ሥራ እንዳያግድ አድርጉት። አንዴ ሁሉም ሲያልፍ አጋጅ ይሁን። ይህ ከሌለ ዛሬ ያስተካከላችሁትን በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ሳያውቅ ይሰብረዋል።

ነባር ተጠቃሚዎች መረጃቸውን እንዴት ያዛውራሉ?

ፒጂሎደር የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። ማይኤስኪውኤልን በቀጥታ አንብቦ ወደ ፖስትግሬስ ይገለብጣል፤ ዜሮ ቀኖችን ባዶ ያደርጋል፣ አዎ ወይም አይደለም የሚሉትን ቁጥሮች ወደ ቡሊያን ይቀይራል። እኔ የምመክረው ቴብሎቹን ፕሮግራሙ ራሱ ፖስትግሬስ ላይ እንዲፈጥራቸው አድርጎ፣ በፒጂሎደር መረጃውን ብቻ ማስገባት ነው። መሣሪያው በራሱ የፈጠረው ቴብል ፕሮግራሙ ከሚጠብቀው ጋር በትንሹ ሊለያይ ይችላል፤ ልዩነቱ የሚታየው በሚቀጥለው አፕግሬድ ላይ ነው።

በእጃችሁ የምትገለብጡ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ረድፎቹ ከነመለያ ቁጥራቸው ሲገቡ የፖስትግሬስ ቆጣሪ አይንቀሳቀስም። ሁሉም ነገር የተሳካ ይመስላል። ከዚያ የመጀመሪያው አዲስ ተጠቃሚ ሲመዘገብ ቆጣሪው 1 ብሎ ይነሳና «ይህ ቁጥር ተይዟል» ይላል። ገልብጣችሁ እንደጨረሳችሁ የየቴብሉን ቆጣሪ ወደ ትልቁ ቁጥር አድርሱት።

ትልቅ ፕሮጀክትም አድርጎታል። የነጻ ካርታው ፕሮጀክት ኦፕንስትሪትማፕ በኤፕሪል 2009 ወደ አዲሱ ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚያናግሩበት በር) 0.6 ሲሻገር ዳታቤዙንም ከማይኤስኪውኤል ወደ ፖስትግሬስ አዛወረ። ሁለቱን በአንድ ላይ ማድረጉ ብልህነት ነበር፤ ተጠቃሚው አገልግሎቱ ሲቆም የታገሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«እሺ፣ ግን ወደፊት ማን ይንከባከበዋል?» ቢሉኝስ?

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ኮድ ሰጥቶ የሚጠፋ ሰው ብዙ ነው። ፖስትግሬስን የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ሲጠፋ ድጋፉ በስም ብቻ ይቀራል። ይህ ለተጠቃሚው ድጋፍ ከሌለበት ሁኔታ ይብሳል፤ አምኖ ይጭነዋልና።

የምትችሉትን ብቻ ቃል ግቡ። «የፖስትግሬስ ምልክት ያለበትን ኢሹ ሁሉ በሳምንት ውስጥ አያለሁ» ማለት የሚታመን ቃል ነው። «ሁልጊዜ እደግፋለሁ» ግን ማንም አያምነውም። የምትደግፏቸውን ቨርዥኖች ወስኑ፤ ጥገናቸው ያልተቋረጠውን ብቻ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ «የሙከራ ድጋፍ» ተብሎ ሰነዱ ላይ እንዲጻፍ ራሳችሁ ሐሳብ አቅርቡ። ከተቻለ ሁለት ሁኑ። በመሥሪያ ቤታችሁ ፕሮግራሙን የሚጠቀም ሌላ ባለሙያ ካለ ከመጀመሪያው ቀን አስገቡት፤ አንዳችሁ ሥራ ብትቀይሩ ሌላው አለ።

ፈጽሞ «አይሆንም» ካሉስ?

አመስግናችሁ ተቀበሉ፤ ምክንያታቸውንም ኢሹው ላይ እንዲጽፉት ጠይቁ። የሚቀጥለው ሰው ያነበዋል። ምክንያት ደግሞ ይለወጣል።

በመሐሉ ፕሮግራሙ በር ትቶላችሁ እንደሆነ እዩ። ወርድፕሬስ በይፋ የሚደግፈው ማይኤስኪውኤልንና ማሪያዲቢን ብቻ ነው፤ ግን የዳታቤዝ ክፍሉን በሌላ ፋይል መተካት ይፈቅዳል። በዚህ በር ወርድፕሬስን ፖስትግሬስ ላይ የሚያስኬድ ፕለጊን ተሠርቷል፤ የወርድፕሬስ ሰዎች ራሳቸውም የማይኤስኪውኤልን ትዕዛዝ ወደ ኤስኪውላይት የሚተረጉም ፕለጊን አላቸው። ትርጉሙ ግን ሁሉንም ፕለጊን አይሸፍንም፤ ለትልቅ ሥራ አልመክረውም። ፎርክ ማድረግ (ኮዱን ገልብጦ ለብቻ ማሳደግ) ደግሞ የመጨረሻው ነው። በየጊዜው ዋናውን ኮድ እየተከታተሉ ማዋሐድ የሚበላውን ጊዜ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ብታውሉት ይሻላል።

ሁሉንም ዳታቤዝ መደገፍ ይሻላል ወይስ ፖስትግሬስን ብቻ መርጦ መቆም?

ሁለቱም መንገድ ተሞክሯል። ድሩፓልና ኔክስትክላውድ ብዙ ዳታቤዝ ይደግፋሉ፤ ዲስኮርስና ማስቶዶን ፖስትግሬስን ብቻ። የኮድ ማስቀመጫው ጊትላብ ሁለቱንም ቀምሶታል። ለዓመታት ማይኤስኪውኤልንም ይደግፍ ነበር፤ በጁላይ 2019 በወጣው 12.1 ግን አቆመ። ቡድን ውስጥ ቡድን የመፍጠር አገልግሎቱ ማይኤስኪውኤል ላይ አልሠራለትም ነበር። ሁለቱን ለማስማማት ሲሞክር ፖስትግሬስ የሚሰጠውን ጥቅምም መጠቀም አልቻለም።

የኔ አቋም ይህ ነው፤ ተጠቃሚው በርካሽ ሆስቲንግ ላይ ራሱ የሚጭነው ፕሮግራም ከሆነ ሁለቱንም ደግፉ። በባለሙያ እጅ ሰርቨር ላይ የሚጫን ከሆነ፣ በተለይም ካርታ፣ ጄሰን ወይም ውስብስብ ሪፖርት ካለበት፣ አንዱን መርጣችሁ በደንብ ሥሩበት። የቴብል ቅርጽ ለውጥን በትራንዛክሽን ውስጥ ማድረግ መቻሉ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። አፕግሬድ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ፖስትግሬስ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ማይኤስኪውኤል ላይ ግን እስከዚያ የተቀየሩት ቴብሎች እንደተቀየሩ ይቀራሉ።

አዲስ ለሚጀመር ፕሮጀክት ይህ ውሳኔ ቀላል ነው። የማይኤስኪውኤል ተጠቃሚዎች ካሏችሁ ግን ከማቆማችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዋና ቨርዥን ቀድማችሁ አሳውቋቸው፤ የማዛወሪያውንም መመሪያ ከማስታወቂያው ጋር በአንድ ቀን አውጡት።